ቱርቦ የተገጠመለት 1ኤችዜድ፦ ኮፈን ሥር የሚጠራቀመውን ሙቀት በምን እናውጣው?

#1 ሃርድቶፕ78

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ላንድ ክሩዘር ኤችዜድጄ78፣ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ (በጭሱ ኃይል አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) አልነበረውም፤ አሁን በኪት ተገጥሞለታል። ግፊቱ 0.5 ባር ላይ ተስተካክሏል፣ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር) የለውም። ከቱርቦው ወደ ማርሚታ የሚወርደው ቧንቧ 63 ሚሊ ሜትር ነው። ፊት ለፊት የብረት መከላከያና ሁለት ትልልቅ ስፖት መብራቶች አሉ፤ ከሥር የኮፓ (የሞተር ዘይት ቋት) መከላከያ ላሜራ ተበይዷል።

የክሩስኮቱ የሙቀት መርፌ ከመሃል አያልፍም፣ ውሃም አይጎድልም። የሚያስቸግረው ኮፈን ሥር ያለው አየር ነው። ትራፊክ ውስጥ 20 ደቂቃ ከቆመ በኋላ የተለካው ይህ ነው (ውጭው 24 ዲግሪ)፦

ባትሪው አጠገብ 68
የአየር ፊልትሮው አፍ ላይ 61
ሞተሩንና ካቢኑን የሚለየው ላሜራ 93
ከቱርቦው በላይ የሚያልፈው የሽቦ ጥቅል 118

ኤሲው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) አያቀዘቅዝም፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ሲሞቅ ይላላል። ኮፈኑን ቀዶ የአየር መውጫ መሥራት ታስቧል። ብረት ከመቆረጡ በፊት ሐሳባችሁን ስጡኝ።

#2 ፈጣን_መካኒክ

ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጥተህ ጣለው፣ ውሃው በነፃ ይዙር። ቬንትሌተሩንም በኤሌክትሪክ ቀይረው። ሌላው ሁሉ ወጪ ነው።

#3 ናፍጣና_ውሃ

#2፣ ሰውየው ውሃዬ ሞቀ አላለም እኮ። የኩላንት ሙቀትና የኮፈን ሥር ሙቀት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ኩላንቱ 85 ላይ ተረጋግቶ ሳለ ቱርቦው አጠገብ ያለ ፕላስቲክ ሊቀልጥ ይችላል።

ምክሩ በየጋራዡ ስለሚሰማ ግን ስለ ቴርሞስታቱ አንድ ነገር ልበል። ከሥሩ ሁለተኛ ዲስክ ያለው ዓይነት ከሆነ ያ ዲስክ ሥራው ሲሞቅ የባይፓሱን ቀዳዳ መድፈን ነው። ስታወጣው ባይፓሱ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከውሃው የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ረጅም ዳገት ላይ ውጤቱ ከጠበቅከው ተቃራኒ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ናፍጣው በደንብ ሳይነድ ይቀራል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል።

የራዲያተር ክዳኑም አይረሳ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 0.9 የተጻፈበት ክዳን በትክክል ከያዘ የመፍያው ነጥብ ወደ 114 ይወጣል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት ስለማይይዝ 92 ላይ ትቀራለህ። ከዚህ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ባይያያዝም፣ ኮፈን ሥር ሙቀት ሲበዛ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር ላይ የኮፈን ሥር ሙቀት የሚጀምረው ጭሱ ውስጥ ነው። ከቱርቦው በፊት የተገጠመ የጭስ ሙቀት ጌጅ አለ? ካለ ዳገት ላይ ስንት ይላል? ይህ ሳይታወቅ ስለ ኮፈን መቅደድ ማውራት ቧንቧው ክፍት ሆኖ ወለል እንደ መጥረግ ነው።

#4 ሃርድቶፕ78

ጌጅ አለ፣ ቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያ ሽቦው) ማኒፎልዱ (ጭሱ ከሞተሩ ወደ ቱርቦው የሚያልፍበት ብረት) ላይ ነው። የአባይ በረሃን ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ 3ኛ ማርሽ ላይ በጭነት 740 ይደርሳል። ትንሽ ጥቁር ጭስም አለ። ደልዳላ መንገድ ላይ 420–450 ነው።

#5 ናፍጣና_ውሃ

በቃ፣ ግማሹ መልስ እዚህ አለ። ለዚህ ሞተር 740 ብዙ ነው። 1ኤችዜድ ከ22 ለ1 በላይ የሚጨምቅ፣ ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ያለው፣ ለቱርቦ ታስቦ ያልተሠራ ሞተር ነው። የጭሱ ሙቀት ሲያልፍ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) በቅድመ ማቃጠያ ክፍሎቹ አካባቢ ይሰነጠቃል፣ ፒስተንም ይጎዳል። ለረጅም ዳገት 650፣ ለጥቂት ሰከንድ 700፤ ከዚያ በላይ እግርህን አንሳ።

ምክንያቱ ደግሞ ከፍታው ነው። በ0.5 ባር የቱርቦ ግፊት፣ ባህር ጠረፍ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው ጠቅላላ ግፊት 1.5 ባር ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጩ አየር 0.77 ባር ብቻ ስለሆነ ድምሩ ወደ 1.27 ይወርዳል። ፖምፓው (ናፍጣውን ለሞተሩ የሚረጨው) ግን ይህን ካላወቀ የሚረጨው ናፍጣ ያው ነው። አየር ያነሰው ናፍጣ ጥቁር ጭስና ከፍተኛ የጭስ ሙቀት ይሰጥሃል። አዳማ ወይም አዋሽ ላይ ተስተካክሎ ጥሩ የሆነ ፖምፓ ሸገር ሲወጣ የሚያጨሰው ለዚህ ነው። ማስተካከል ያለብህ የምትሄድበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ወደ ቆላ ስትወርድ አየር ይጨመራል እንጂ አይጎድልም።

አሠራሩ፦ ፖምፓው ጀርባ ላይ ባለ መቆለፊያ ለውዝ የሙሉ ጭነት ብሎን አለ። መጀመሪያ የቆመበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርግ። ብሎኑን በካቻቢቴ ያዝ፣ ለውዙን አላላ፣ ብሎኑን ወደ ውጭ 1/8 ዙር ብቻ ፍታ፣ ለውዙን አጥብቅ፣ ያንኑ ዳገት በዚያው ጭነትና ማርሽ ውጣ። 650 እስኪደርስ ድገም። ከ1/2 ዙር በላይ ካስፈለገህ ብሎኑን ተው፤ የአየር ፊልትሮ መታፈን፣ የቱርቦ ቱቦ መቀደድ ወይም የኢንጀክተር መንጠባጠብ ሊሆን ይችላል። ናፍጣው ሲቀንስ ሚኒሞውም ስለሚወርድ እሱንም በራሱ ብሎን መልሰው።

ይህ ለኮፈኑ የሚያደርገውን ተመልከት። ከጋለ ብረት የሚወጣው ጨረር በፍጹም ሙቀቱ አራተኛ ኃይል ያድጋል። ማኒፎልዱ ከ600 ወደ 400 ዲግሪ ቢወርድ የሚረጨው ጨረር ወደ ሲሶው ይጠጋል። ምንም ሳትከልል፣ ምንም ሳትቀድ።

#6 ጋሽ_ትራፓኖ

የናፍጣው ነገር ተብሏል። እኔ የምጨምረው የላሜራውን ሥራ ነው።

ልጄ፣ ሽቦህ 118 የሆነው በሞቀ አየር አይደለም፤ ከቱርቦው በቀጥታ በሚመጣ ጨረር ነው። ጨረር ደግሞ እንደ ፀሐይ ነው፣ ጥላ ካገኘ ይቆማል። ስለዚህ ጥላ ሥራለት። ለቱርቦው ቅርብ የሆነው መከለያ ከ0.8 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ይሁን። አልሙኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊትም ስለሚለሰልስ ለቱርቦው አናት አይሆንም። ለባትሪው፣ ለአየር ፊልትሮውና ለፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ግን ባለ 1 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ይበቃል፣ ለመቁረጥም ይቀላል። ምናለሽ ተራ ቁራጭ ላሜራ በቀላሉ ይገኛል።

ዋናው ምስጢር ክፍተቱ ነው። መከለያው ከጋለው ነገር 15 ሚሊ ሜትር፣ ከሚጠበቀው ነገር ደግሞ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ከሁለቱም ጎን አየር ካልዞረበት ራሱ ግሎ ሁለተኛ ምድጃ ይሆናል። ብዙ ሰው ላሜራውን ፕላስቲኩ ላይ በሪቬት ለጥፎ «አልሠራም» ይላል፤ እንዴት ይሥራ? ማሰሪያውን ከሞተሩ አካል ጋር ካሰርክ ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ከመኪናው አካል ካሰርክ ደግሞ ሞተሩ ሲወዛወዝ እንዳይነካው 25 ሚሊ ሜትር ተው። ሁለቱንም ላይ አንድ ላሜራ አታስር፣ በወር ውስጥ ይሰነጠቃል። ብሎኑ ሥር የብረት ቱቦ ቁራጭ እንደ ርቀት ጠባቂ አስገባ፣ ከላይ ሰፊ ሮንዴላ። ጠርዙን 5 ሚሊ ሜትር እጠፈው፤ አለበለዚያ ይጮኻል፣ እጅም ይቆርጣል።

ከጋለው ብረት በኩል ያለው ፊት የሚያብለጨልጭ ይሁን። ቀለም አትቀባው። ያማረ ጥቁር ቀለም የተቀባ መከለያ ጨረሩን ከመመለስ ይልቅ ይጠጣዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌ የአስቤስቶስ ጨርቅ አሁንም አንዳንድ ቦታ ይሸጣል። አትንኩት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

#7 ቀይ_ማርሽ

ማኒፎልዱንም ቱርቦውንም ማርሚታውንም በዚያ ሙቀት በሚያፍነው የጨርቅ ጥቅል ጠቅልሎ መጨረስ አይሻልም? ለላሜራ ሥራ ምን አደከመን?

#8 ሻርጃ_70

ቀይ_ማርሽ፣ ሁሉንም አይደለም። እዚህ ባሕረ ሰላጤው በበጋ ጥላ ሥር 45 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ አሸዋ ላይ የሚነዱ ቱርቦ ያላቸው ባለ 70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘሮች ብዙ ናቸው፤ የመጠቅለሉ ስህተትም በየቀኑ ይታያል።

ፎንዴሪያ (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) የሆነውን ማኒፎልድ አትጠቅልል። ሙቀቱ ሲታፈንበት የብረቱ ሙቀት ከወትሮው በላይ ይወጣል፤ ያልተስተካከለ መስፋት ብሎን ይቆርጣል፣ ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መሃል ያለውን ማሸጊያ) ያስነፍሳል፣ ማኒፎልዱንም ይሰነጥቃል። መጠቅለል ያለበት ከቱርቦው በኋላ ያለው ቧንቧ ነው፤ ኮፈን ሥር ያለው የመጀመሪያው 1 ሜትር ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ለካቢኑ ወለል ካልሆነ በስተቀር ትርፍ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የ63 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ዙሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ጨርቁ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለውና 12 ሚሊ ሜትር ከተደራረበ አንድ ዙር 38 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል፤ ለ1 ሜትር ቧንቧ 26 ዙር፣ 5.2 ሜትር ጨርቅ ማለት ነው። ለኩርባው ጨምረህ 6 ሜትር ያዝ። ባለ 15 ሜትር ጥቅል ከበቂ በላይ ነው። ድርብርቡ ከግማሽ በላይ ከሆነ ጨርቅ ማባከን ነው።

ቧንቧውን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ሙቀት የሚችል ቀለም ቀባ፣ ይድረቅ። ጨርቁን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ አውጣ፤ ሲጨመቅ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይጨብጣል፣ ብናኙም ይቀንሳል። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ግድ ነው፤ የመስታወት ክር ስለሆነ ቆዳ ላይ ለሁለት ቀን ያሳክካል። ከታችኛው ጫፍ ጀምረህ ወደ ላይ ሂድ፤ ድርብርቡ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሆንና ውሃ አይገባበትም። ጫፎቹንና በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በማይዝግ የብረት ማሰሪያ እሰር፤ ፕላስቲክ አይሆንም። የመጀመሪያ ቀን ይጨሳል፣ አትደንግጥ።

ጉዳቱም አለ። ተራ ብረት ከሆነ ጨርቁ እርጥበት ይዞ ከውጭ ይበላዋል፤ በክረምት ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚያድር መኪና ላይ ይህ ይፈጥናል። ሁለተኛውና ከባዱ ዘይት ነው። ከላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ወይም ናፍጣ የጠጣ ጨርቅ እሳት ነው። ከመጠቅለልህ በፊት ሁሉንም ፍሳሽ አድርቅ። በኋላ ዘይት ካገኘህበት አታጥበው፣ ቆርጠህ ጣለው።

ማኒፎልዱን ማቀዝቀዝ ከፈለግክ የሴራሚክ ቅብ ነው፤ ውስጥና ውጭ ይቀባል፣ በምድጃ ይጋገራል፣ አይዝግም። ውድ ነው፤ ተፈትቶ መሄድም አለበት። በሚረጭ ጣሳ የሚሸጠው ቀለም ሙቀት ይችላል እንጂ ሙቀት አያግድም፤ ስሙ አያታልልህ።

#9 ነፋስ_ለኪ

አየሩን ማንም አላነሳውም። ኮፈን ሥር የሚገባ አየር በሙሉ መውጫ ይፈልጋል። የዚህን መኪና ዝርዝር ስታዩት መግቢያውም መውጫውም ታፍኗል፦ ፊት ለፊት ስፖት መብራት፣ ከሥር የተበየደ ላሜራ። በዚህ ላይ ኮፈን መቅደድ ሦስተኛው እንጂ የመጀመሪያው ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ ስፖቶቹን ከግሪሉ ፊት አንስተህ ወደ ጎን ወይም ከመከላከያው በላይ አውጣቸው። ቀጥሎ የኤሲውን ራዲያተርና ዋናውን ራዲያተር ለያይተህ መሃላቸውን ተመልከት፤ ጭቃ፣ ገለባና ነፍሳት እዚያ ነው የሚከማቹት። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በለስላሳ ውሃ እጠብ። ኃይለኛ የማጠቢያ ፓምፕ ክንፎቹን ያጥፋቸዋል፣ ከዚያ በኋላ አየር አያልፍም። ከዚያ ራዲያተሩ ዙሪያ፣ በጎንና በላይ፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ሁሉ በጎማ ወይም በወፍራም ስፖንጅ ይዘጋ። አየር ሰነፍ ነው፣ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ክፍተት ካገኘ ራዲያተሩን ትቶ በጎን ያልፋል፤ ቆመህ ሳለም ሞቃቱ አየር በዚያው ክፍተት ወደ ፊት ተመልሶ ደግሞ ይገባል። ኤሲህ ሚኒሞ ላይ የማያቀዘቅዘው በዚህ ሊሆን ይችላል።

ቬንትሌተሩ ቀጥሎ ነው። የፕላስቲክ መከለያው አለ? ተሰብሮ ወድቆ ከሆነ የቬንትሌተሩ ጫፍ አየሩን በዚያው ይቀላቅለዋል እንጂ በራዲያተሩ ውስጥ አይስብም። የክንፎቹ ግማሽ ያህል መከለያው ውስጥ መግባት አለበት። የሲሊኮን ክላቹንም (ሲሞቅ ቬንትሌተሩን ከሞተሩ ጋር የሚይዘውን) ፈትን፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሲጠፋ ቬንትሌተሩን በእጅ ስታዞረው መያዝ አለበት። ሁለት ሦስት ዙር በነፃ ከዞረ ሲሊኮኑ አልቋል። የቶዮታ ሲሊኮን በ18 ሚሊ ሊትር ቲዩብ ይሸጣል፤ 10,000 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) የሚለውን ውሰድ። ክላቹን ፈትተህ አሮጌውን አፍስስ፣ ሁለት ቲዩብ ሙላ፣ መልሰህ ዝጋ። ፈጣን_መካኒክ ያለው የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ለትንሽ ቤንዚን መኪና ይሆናል፤ ለ4.2 ሊትር ናፍጣ በጭነት ዳገት ላይ ከዋናው የሚበልጥ አየር የሚስብ ማግኘት ከባድ ነው።

የኮፓ መከላከያውን ብየዳ ፍታና በብሎን ይሁን። ሞቃት አየር በብዛት የሚወጣው በዚያ በኩል፣ በካምቢዮው ግራና ቀኝ ነው። ላሜራው ላይ ከኋለኛው ግማሽ ወደ ኋላ የሚከፈቱ ስንጥቆች አውጣ፤ ወደ ፊት ከከፈትካቸው አየርና ጭቃ ያስገባሉ።

አሁን ወደ ኮፈኑ። አየር የሚንቀሳቀሰው ግፊት ከበዛበት ወደ አነሰበት ነው። ኮፈኑ ላይ፣ ከፊት ጠርዙ አልፎ ባለው አካባቢ ግፊቱ ዝቅ ይላል። ወደ ፊት መስታወቱ ሥር ስትጠጋ ይጨምራል። የ70ው መስታወት ቀጥ ያለ ስለሆነ ይህ ይብሳል። እዚያ የተቀደደ ቀዳዳ መውጫ ሳይሆን መግቢያ ነው።

ሳትቀድ መለካት ትችላለህ። ሁለት ቀጭን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ውሰድ። የአንዱን ጫፍ በማጣበቂያ ድፈነው፣ ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ጎኑን በመርፌ አራት ቦታ ብሳው። ጫፉ ወደ ፊት ሆኖ ኮፈኑ ላይ በፕላስተር አጣብቀው። ሁለተኛውን ኮፈን ሥር፣ በትክክል ከሱ በታች፣ ከቬንትሌተሩ ንፋስ ራቅ አድርገህ እሰር፤ አፉ ላይ ትንሽ ስፖንጅ ክተት። ሁለቱን ካቢን ውስጥ በዩ ቅርጽ ከታጠፈ፣ ቀለም ያለው ውሃ ከያዘ ቱቦ ጋር አገናኝ። መንገዱ ደልዳላ፣ ንፋሱ የተረጋጋ ይሁን፤ ቋሚ 80፤ የሚያነበው አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ነው።

በከፍታችን የ80 ኪሎ ሜትር ንፋስ ሙሉ ግፊቱ 23 ሚሊ ሜትር ውሃ ገደማ ነው። ከሥር ያለው ግፊት ከላይ ካለው በ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ እዚያ ቀዳዳ ዋጋ አለው። 1 ወይም 2 ከሆነ አትድከም። ከላይ ያለው ከበለጠ ቀዳዳው ሙቀቱን መልሶ ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። ከፊት ወደ ኋላ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ለካ፣ ካርታው ይወጣልሃል።

#10 ቀይ_ማርሽ

ታዲያ ልጆቹ ከኋላ የኮፈኑ መታጠፊያ ሥር ሮንዴላ ደርድረው ከፍ የሚያደርጉት ውሸት ነው? ትራፊክ ውስጥ እንፋሎት ሲወጣ በዓይን ይታያል።

#11 ነፋስ_ለኪ

ቆመህ ሳለ እውነት ነው፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ክፍተቱም አለ። ከ50 በላይ ስትነዳ ግን የመስታወቱ ሥር ግፊት አየር በዚያ ያስገባል፣ የራዲያተሩንም ፍሰት ይቃወማል። ከሁሉ የከፋው የካቢኑ አየር መሳቢያ እዚያው መሆኑ ነው፤ የቱርቦ ጓርኒሲዮን ቢያነፍስ ጭሱ በቀጥታ ተሳፋሪው ላይ ይመጣል። የኮፈኑ መቆለፊያም በትክክል አይቀመጥም። ለከተማ ታክሲ ምናልባት፤ ለረጅም መንገድ መኪና አይሆንም።

ወደ ፊት የተከፈተ አፍ ያለው የጣሪያ ሳጥን መሰል ነገር ኮፈን ላይ መግጠምም ለኢንተርኩለር ካልሆነ ያው ነው፤ መውጫ ሳይኖር መግቢያ መጨመር።

#12 ጋሽ_ትራፓኖ

አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ ነው ነገሩ። ለክቶ ቦታውን ላገኘ የአቆራረጡን ነገር እኔ ልጨርስ።

ኮፈኑን ገልብጠህ የውስጡን አጥንት ተመልከት። የአጥንቱን ሰርጥ አትንካ፤ ከተቆረጠ ኮፈኑ በ80 ላይ ይርገበገባል። በአጥንቶቹ መሃል ግራና ቀኝ ሁለት መስኮት አውጣ። ለእያንዳንዱ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 5 ስንጥቆች፣ ከፍታቸው 12 ሚሊ ሜትር፣ አፋቸው ወደ ኋላ። ይህ በመስኮት 150፣ በድምሩ 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ነው። ኮፈኑ ላይ በቀጥታ ከመቅጥቀጥ ለብቻ ላሜራ ላይ ሠርተህ በብሎን ግጠመው፤ ሲበላሽ ይቀየራል። ማዕዘኖቹን መጀመሪያ በትራፓኖ 6 ሚሊ ሜትር ብሳ፣ ከዚያ በግራይንደር ቁረጥ። ሹል ማዕዘን ስንጥቅ ይወልዳል። የተቆረጠውን ጠርዝ በፀረ ዝገት ቀባ።

ዝናቡ ይገባል። ዲናሞውና ኤሌክትሪኩ ቀዳዳው ሥር ከሆኑ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ውሃውን ወደ ጎን የሚያፈስ ገበቴ መሰል ላሜራ ሥር። የጋለ ቱርቦ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ውሃም ለፎንዴሪያ ጥሩ አይደለም፤ ስለዚህ ቀዳዳው ከቱርቦው በላይ በቀጥታ አይሁን።

#13 ሽቦ_በጣሽ

የተረሱትን ትንንሾች ልያዝ።

ተራ የመኪና ሽቦ ሽፋን ከ85 እስከ 105 ዲግሪ ነው የሚችለው፤ 118 ላይ ያለው ሽቦህ እየደረቀ ነው። ስታጥፈው ከተሰነጠቀ ቁራጩን ቀይር። መጀመሪያ መንገዱን አርቅ፣ ከቱርቦው 15 ሴንቲ ሜትር ብታገኝለት ጥሩ ነው፤ ካልሆነ አልሙኒየም የለበሰ የመስታወት ክር እጅጌ አልብሰው። ጥቁሩ ባለ ቀለበት ፕላስቲክ ቱቦ ከመፋተግ እንጂ ከሙቀት አያድንም።

የፍሪሲዮኑ መላላት፦ ዶት 3 ዘይት አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ላይ፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 ላይ ይፈላል። ዶት 4 230 እና 155 ነው። ቱቦው ወደ ማርሚታው ከተጠጋ አርቀው፣ ዘይቱን በዶት 4 ቀይር፣ አየሩን አስወጣ። የፍሬኑም ዘይት አብሮ ይቀየር፤ ያው አካባቢ ነው።

ዲናሞው ጀርባ ላይ የቫኩም ፓምፕ ካለ የዘይት ቱቦዎቹን በጣትህ ጨምቃቸው። ሙቀት ያደርቃቸዋል። አንዱ ቢፈነዳ የሞተር ዘይት ይረጫል፣ የፍሬን አጋዥህም ይሄዳል። ለዘይትና ለሙቀት የተሠራ ቱቦ ይሁን፤ የውሃ ቱቦ አይተካውም።

ባትሪ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል ይባላል። 68 ላይ ያለ ባትሪ በዓመት ቢሞት አይግረምህ።

የአየር ፊልትሮውንም ነገር ለናፍጣና_ውሃ እተዋለሁ።

#14 ናፍጣና_ውሃ

አመሰግናለሁ፣ ልረሳው ነበር። ቱርቦ አየር ሲጨምቅ ያሞቀዋል። በከፍታችን 0.5 ባር የግፊት ንጽጽሩ 1.65 ገደማ ነው። 20 ዲግሪ አየር ቢስብ ወደ 90 አካባቢ ሆኖ ይወጣል። 60 ዲግሪ የኮፈን አየር ቢስብ ወደ 140። መግቢያው ላይ የጨመርከው 40 መውጫው ላይ ከ40 በላይ ይሆናል፣ ያም ተመልሶ በጭሱ ሙቀት ላይ ይደመራል። ስለዚህ የፊልትሮው አፍ ከኮፈን ውጭ ይሁን፤ ስኖርክል (አየር ከላይ የሚስብ ቧንቧ) ካለ ቱቦው ሳጥኑ ላይ በትክክል መያያዙን አረጋግጥ። ብዙ ጊዜ ስኖርክሉ ለውበት ቆሞ ሳጥኑ ከሥር ተሰንጥቆ ይገኛል።

ፖምፓውም የሚቀባው በሚያልፈው ናፍጣ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የናፍጣ ቱቦው ከቱርቦው ይራቅ፣ ፖምፓውና ቱርቦው ከተያዩ መሃላቸው ላሜራ ይቁም።

#15 ሃርድቶፕ78

ውጤቱ። ፖምፓው በድምሩ 3/8 ዙር ተቀንሷል፣ ስፖቶቹ ተነስተዋል፣ የራዲያተሩ ዙሪያ ተዘግቷል፣ ሲሊኮን ተሞልቷል፣ ኮፓው ሥር ተከፍቷል፣ ላሜራዎቹ ተሠርተዋል፣ 1 ሜትር ቧንቧ ተጠቅልሏል። ኮፈኑ ገና አልተነካም። ያው 20 ደቂቃ ትራፊክ፣ ውጭው 25፦

ባትሪ 47
ፊልትሮ አፍ 29
መለያው ላሜራ 66
የሽቦው ጥቅል 71
የአባይ ዳገት 645

ኃይሉ ትንሽ ቀንሷል፣ ጭሱ ጠፍቷል። በውሃ ቱቦው ሲለካ ጥሩው ቦታ ከፊት ጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ 7 ሚሊ ሜትር ሰጥቷል፤ መስታወቱ ሥር በተቃራኒው 4። አሁን መቅደዱ ያስፈልጋል? ለቱርቦውስ ብርድ ልብሱ (ቱርቦው ላይ የሚለብሰው ወፍራም የሙቀት መከላከያ) ይገዛ?

#16 ነፋስ_ለኪ

አዋሽና አፋር ደጋግመህ የምትወርድ ከሆነ ቅደደው። አዲስ አበባና ጎጃም ብቻ ከሆነ በእነዚህ ቁጥሮች ኮፈኑን ተወው። አንድ ነገር ግን፦ የለካህበት የጨረር ቴርሞሜትር ከሆነ የሚያብለጨልጭ ላሜራ ላይ በጣም ዝቅ አድርጎ ይዋሻል። የምትለካበትን ነጥብ ሙቀት በሚችል ደብዛዛ ጥቁር ቀባ። ከውጩ አየር ጋር ያለውን ልዩነት እንጂ ጥሬ ቁጥሩን አታወዳድር።

#17 ሻርጃ_70

ብርድ ልብሱ የሚሸፍነው የጭሱን ጎን ብቻ ነው። መሃለኛውን ዘይት የሚያልፍበትን ክፍልና የግፊት መቆጣጠሪያውን ዘንግ አይንካ። ቱርቦህ በዘይት ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብሱ ሙቀቱን ወደ መሃል ይገፋዋል፤ ዘይቱ እዚያው ይከስላል። ከዳገት በኋላ ጌጁ ከ250 በታች እስኪወርድ ሚኒሞ ላይ አቆየው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ይህን የማይታገሥ ሾፌር መኪናውን የሚነዳ ከሆነ ብርድ ልብሱን አትግዛ፤ ላሜራህ ይበቃሃል።

#18 ጋሽ_ትራፓኖ

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የማኒፎልዱንና የመከለያዎቹን ብሎኖች ሁሉ ደግመህ አጥብቅ። ከቱርቦው የሚመለሰው የዘይት ቱቦ ከላይ እስከ ታች ሳይታጠፍ መውረዱንም እይ፤ ላሜራ ሲገጠም ተገፍቶ ሆድ ከሠራ ዘይቱ ይጠራቀምና በቱርቦው ማሸጊያ ወጥቶ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል። ነጭ ወረቀት ከሥሩ አንጥፈህ አሳድረው፣ ጠዋት ወረቀቱን ተመልከት።